የአየር እርጥበትን ከጠፈር በጥምር ሴንሰር መለካት ምንድን ነው?

ሳተላይት እርጥበትን በቀጥታ አይለካም። የሚለካው ከመሬትና ከአየር ተነሥቶ ወደ ጠፈር የሚያመልጠውን ጨረር ነው፤ እርጥበቱ ከዚያ በስሌት ይወጣል። የውሃ ተን አንዳንድ ሞገዶችን አጥብቆ ይውጣል። የትኛው ሞገድ ምን ያህል እንደደከመ ከታወቀ፣ በየትኛው ከፍታ ምን ያህል ተን እንዳለ ማስላት ይቻላል። ጥምር ልኬት የሚባለው የተለያየ ሞገድ የሚያነብቡ ሴንሰሮች አንድ ሳተላይት ላይ ሆነው ያንኑ ቦታ አብረው ሲያዩና ንባባቸው በአንድ ስሌት ሲፈታ ነው።

አንደኛው ኢንፍራሬድ ነው። በ6.3 ማይክሮን አካባቢ ተን የሚውጠውን ክልል በብዙ ቀጫጭን ቻናሎች ከፋፍሎ ያነብባል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአክዋ ሳተላይት የመጠቀው ኤይርስ የተባለው የኢንፍራሬድ መሣሪያ 2,378 ቻናሎች አሉት። ቻናሉ በበዛ ቁጥር የአየሩን ንብርብር ለይቶ ማየት ይቀላል፤ ደመና ግን ይጋርደዋል። ሌላኛው ማይክሮዌቭ ነው። ሱኦሚ ኤንፒፒ በተባለው ሳተላይት ላይ ያለው ኤቲኤምኤስ የተሰኘ የማይክሮዌቭ መሣሪያ ተን አጥብቆ በሚውጠው በ183.31 ጊጋኸርትዝ መስመር ዙሪያ 5 ቻናሎች አሉት፤ ለመስመሩ የቀረበው የላይኛውን አየር፣ የራቀው የታችኛውን ያነብባል። ተራ ደመናን ያልፋል። ከባድ ዝናብ ባለበት ግን በደመናው አናት ያለው በረዶ ጨረሩን ስለሚበትነው አየሩ ከእውነተኛው የበለጠ እርጥብ መስሎ ይታያል።

ስሌቱ የሚጀምረው ከመነሻ ግምት ነው። በማይክሮዌቭ ንባብ ረቂቅ የሙቀትና የእርጥበት መልክ፣ ማለትም በየከፍታው ያለው መጠን፣ ይወጣና ደመናን የማጽዳት ሥራ ይከተላል። እዚህ ላይ ያለው ዘዴ በጣም ብልህ ነው። አንድ የማይክሮዌቭ ንባብ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሸፍን፣ በውስጡ ሦስት በሦስት የተደረደሩ 9 የኢንፍራሬድ ነጥቦች አሉ፤ እያንዳንዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደመናው በ9ኙ ላይ በተለያየ መጠን ከተዘረጋ፣ ከልዩነታቸው ተነሥቶ ደመና ባይኖር ጨረሩ ምን ይመስል እንደነበር ይሰላል። 9ኙም እኩል ከተሸፈኑ ልዩነት ስለሌለ ዘዴው አይሠራም። ከዚያ በኋላ ኢንፍራሬዱ ረቂቁን ያጠራዋል፤ ከተገኘው መልክ የሚሰላው ጨረር ከተለካው ጋር እስኪቀራረብ ይደጋገማል።

ለድሬዳዋና ለሐረር አስቸጋሪው መሬቱ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው የደንገጎ አቀበት አለ። አንድ የኢንፍራሬድ ነጥብ ግማሹ ቆላው ላይ፣ ግማሹ አፋፉ ላይ ሊያርፍ ይችላል። በሁለቱ ከተሞች ከፍታ መካከል ያለው 700 ሜትር አየር በኪሎ ግራም 10 ግራም ተን ቢይዝ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 7 ሊትር ውሃ ይሆናል፤ የባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሢሶ ማለት ነው። ስሌቱ የመሬቱን ከፍታ ከሳተ ይህ ሁሉ ያለ ቦታው ይደመራል ወይም ይቀራል። በድሬዳዋ የሚያልፈውን የደቻቱ ወንዝ የሚሞላው ዝናብ የሚወርደው ደግሞ በዚሁ አፋፍ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከ200 በላይ ሰዎችን የጨረሰው ጎርፍ ወደ ድሬዳዋ የገባው ከላይ ከወረደ ዝናብ ነበር። ስለዚህ ከአፋፉ ሥር የሚጠራቀመውን እርጥበት በትክክል ማንበብ እዚህ ቅንጦት አይደለም። የመሬት ጣቢያ የሚያነብበው አጠገቡ ያለውን አየር ብቻ ነው፤ በፊኛ የሚላከው ራዲዮሶንድ የሚለቀቅባት አዲስ አበባም በቀጥታ መስመር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች።

ሰዓቱም ለውጥ ያመጣል። ሱኦሚ ኤንፒፒ ከቀኑ 7:30 እና ከሌሊቱ 7:30 አካባቢ ያልፋል። ኢንፍራሬድ የታችኛውን አየር የሚለየው በመሬቱና በአየሩ ሙቀት መካከል ልዩነት ሲኖር ነው። ቀን የድሬዳዋ አሸዋ ከአየሩ በብዙ ስለሚግል ንባቡ ይሻላል፤ ሌሊት ሁለቱ ሲቀራረቡ የታችኛው 1 ኪሎ ሜትር ይደበዝዛል፤ ስሌቱም ወደ መነሻ ግምቱ ያዘነብላል። ያ ቁጥር ልኬት ቢመስልም በአብዛኛው ግምት ነው።

መረጃውን የምትጠቀሙ ከሆነ መጀመሪያ የጥራት ምልክቱን እዩ። በኤይርስ ፋይሎች 0 ምርጥ፣ 1 ጥሩ፣ 2 ደግሞ አትጠቀሙበት ማለት ነው፤ ክረምት ላይ 2 የሆኑትን ሳይጥሉ የወር አማካይ ማውጣት ውጤቱን ያበላሻል። ትክክለኛነቱን በተመለከተ፣ 2 ኪሎ ሜትር ውፍረት ባለው ንብርብር ከ15 እስከ 20 በመቶ ስህተት ይጠበቃል። አንጻራዊ እርጥበት (አየሩ በሙቀቱ ሊይዝ ከሚችለው ተን ስንት በመቶውን እንደያዘ) ከፈለጋችሁ የሙቀቱ ስህተትም ይጨመራል፦ 30 ዲግሪ የሆነው አየር 31 ተብሎ ከተነበበ፣ ተኑ ሳይቀየር 60 በመቶ የነበረው እርጥበት ወደ 57 ይወርዳል። ከተቻለ የተኑን መጠን ራሱን በግራም ያዙ።