ሀሪኬን የጣለው ደን፦ በፍሎሪዳ የወደቀ ዛፍ እንዴት ይጸዳል፣ እንዴትስ ይቃጠላል

እኛ አገር ንፋስ ባህር ዛፍ ቢጥል ሳይመሽ ቅርንጫፉ ማገዶ ይሆናል፣ ግንዱም አጥር ወይም ማገር። ስለዚህ እንጨት ሜዳ ላይ ከምሮ ዝም ብሎ ማቃጠል ለብዙዎቻችን ሀጢአት ይመስላል። እኔንም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የተሰማኝ። ግን ብዛቱን ማየት ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 10 ቀን 2018 ሀሪኬን ማይክል የተባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሜክሲኮ ቢች በተባለች የባሕር ዳር ከተማ በኩል የአሜሪካ ግዛት ወደሆነችው ፍሎሪዳ ሰሜን ምዕራብ ገባ። ነፋሱ በሰዓት ወደ 260 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር። ከባሕሩ ዳር ወደ ውስጥ ያለው አገር የጥድ ደን ነው፤ ወደ 2.8 ሚሊዮን ኤከር (አንድ ኤከር 0.4 ሄክታር ገደማ ነው) የሚሆነው ተጎዳ። የወደቀው እንጨት 72 ሚሊዮን ቶን ተገመተ። ይህን ሁሉ የሚያነሳ መኪና የለም።

ሥራው ከመንገድ ይጀምራል። አምቡላንስ እንዲያልፍ ግንዱ ይቆረጥና ወደ ጎን ይገፋል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከነካው ግን መብራት ኃይል ሳይመጣ ማንም አይጠጋውም። ከዚያ ነዋሪው የግቢውን ቅርንጫፍ አውጥቶ መንገድ ዳር ይከምራል። እንጨቱ ለብቻ፣ የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ ለብቻ፣ ፍሪጅና ምድጃ ለብቻ። መለየቱ ቀልድ አይደለም፤ ቀለም የተቀባ ወይም በኬሚካል የታከመ ጣውላ ከተቀላቀለ ጭሱ መርዝ ነው፣ በድሮው የታከመ እንጨት ውስጥ አርሴኒክ አለ።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን ከማዕበሉ በኋላ፣ የሞተር መጋዝ ሲያነሳ ነው። ትልቅ ግንድ ወድቆ ቀጭን ዛፍ ላይ ሲተኛ ቀጭኑ እንደ ቀስት ይጎብጣል። ሲያዩት ምንም አይመስልም። መጋዙ ሲነካው ግን ተፈናጥሮ ፊት ይመታል። ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍም እንደዚያው ነው፦ ግንዱ ሲቆረጥ ክብደቱ ስለሚቀል፣ ሥሩ የያዘው አፈር ወደ ጉድጓዱ ተመልሶ ሊገጥም ይችላል። ከኋላው የቆመ ሰው ካለ ከሥሩ ያስቀረዋል። ልጆች እዚያ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይጫወቱ መከልከል ግድ ነው።

ታዲያ ለምን አይሸጥም? የተወሰነው ይሸጣል። ችግሩ ጊዜው ነው። የወደቀ ጥድ በሙቀቱ ቶሎ ሰማያዊ ሻጋታ ይይዘዋል፣ ቅርፊቱን የሚበሉ ጥንዚዛዎች ይገቡበታል፣ በወራት ውስጥም የጣውላ ዋጋውን ያጣል። መሰንጠቂያ ቤቶች ደግሞ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይቀበሉም። የቀረው ወይ በማሽን ይፈጫል ወይ ይቃጠላል።

በደንብ የሚያቃጥለው ዘዴ የአየር መጋረጃ ነው። ጉድጓድ ይቆፈራል ወይም ትልቅ የብረት ሳጥን ይቀመጣል፣ ከአንዱ ጠርዝ ኃይለኛ ማራገቢያ በአፉ ላይ ንፋስ ይነዛል። ጭሱ ያንን ንፋስ ማለፍ ያቅተዋል፣ ወደ ታች ተመልሶ ራሱ ይነድዳል። ከላይ የሚታየው ጭስ በጣም ጥቂት ነው፣ ተራራ ከሚያህለው ክምር የሚቀረውም ትንሽ አመድ።

ለግለሰብ ደንቡ ቀላል ነው። ክምሩ ስፋቱ ከ8 ጫማ (2.4 ሜትር ገደማ) በታች ከሆነ ከግዛቱ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ከበለጠ ያስፈልጋል። ከራስ ቤትና ከደን 25 ጫማ፣ ከአስፋልት መንገድ 50 ጫማ፣ ሰው ካለበት የሌላ ሰው ቤት 150 ጫማ መራቅ አለበት። ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት በፊት መጥፋት አለበት። ከተማው ወይም ካውንቲው (በግዛቱ ሥር ያለው የአካባቢ አስተዳደር) ጨርሶ ከከለከለ ግን አከተመ።

ያልተነሳው እንጨት ምን እንደሚያደርግ በማርች 2022 ታየ። ማይክል ካለፈ ከ3 ዓመት በላይ ሆኖታል። ደኑ ውስጥ ተኝቶ የደረቀው ግንድ እሳት ሲነካው ቤርታ ስዋምፕ ሮድ የተባለው ቃጠሎ ብቻውን ከ33,000 ኤከር በላይ በላ። በዚያው ሰሞን እዚያው ፍሎሪዳ ባለችው ፓናማ ሲቲ አጠገብ በተነሳ ሌላ እሳት ቤቶች ወደሙ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ቤታቸውን ለቀው ወጡ። ሀሪኬኑን የተረፈ ሰው በእሳት ሲሰደድ ማሰብ ያማል። የእሳት መከላከያ መስመር የሚቆፍሩት ቡልዶዘሮችም በወደቀው ግንድ መሃል መንገድ ማግኘት አቃታቸው።

የደን ባለቤቶች እንደገና ለመትከል መጀመሪያ መሬቱን ማጽዳት አለባቸው፣ ማጽጃው ደግሞ ውድ ነው። ብዙዎች ግንዱን በቡልዶዘር እየገፉ በረድፍ ከምረው ነው የሚያቃጥሉት። እዚህ ላይ ጥንቃቄው አፈሩ ነው፦ ከግንዱ ጋር አፈር ከተከመረ እሳቱ ይታፈናል፣ ለቀናት ይጨሳል፣ ረመጡም ከታች ተደብቆ ይቆያል። ላዩ አመድ ሆኖ የጠፋ ይመስላል። ስለዚህ ውኃ ማፍሰስ ብቻ አይበቃም፤ በአካፋ እየገለበጡ፣ ሙቀት እስኪጠፋ ደጋግሞ ማርጠብ ያስፈልጋል፣ በማግስቱም ተመልሶ ማየት።