የሰው ጂን ስም የሚወጣለት እንዴት ነው?

እ.ኤ.አ. በ1997 በተለያዩ ቤተ ሙከራዎች የሚሠሩ ተመራማሪዎች 10ኛው ክሮሞሶም ላይ አንድ ጂን አገኙ። ሥራው ዕጢ እንዳያድግ መግታት ነው። አንዱ ቡድን ፒቴን አለው፣ ሌላው ኤምኤምኤሲ1፣ ሦስተኛው ቴፕ1። ጂኑ ግን ያው አንዱ ነው።

የክርስትና ስም፣ የቤት ስምና የመታወቂያ ስም ያለው ሰው ለእኛ ብርቅ አይደለም። በየትኛውም ብትጠሩት ሰፈሩ ያውቀዋል። ሳይንስ ውስጥ ግን ይሄ ጣጣ ያመጣል። በአንዱ ስም የፈለገ ተመራማሪ በሌላው ስም የተጻፈውን ሳያገኝ ይቀራል። በዚህኛው ጂን ላይ በመጨረሻ የጸደቀው ፒቴን ነው፤ ሌሎቹ የቀድሞ ስሞች ተብለው መዝገብ ላይ ሰፍረዋል።

አጽዳቂው የሂውማን ጂኖም ድርጅት የጂን ስያሜ ኮሚቴ ነው፤ ሲያጥር ኤችጂኤንሲ ይባላል። የመጀመሪያው የተሟላ የስያሜ መመሪያ የወጣው በ1979 ነው። ኮሚቴው ለዓመታት ለንደን ከቆየ በኋላ በ2007 ኬምብሪጅ አጠገብ ወዳለችው ሂንክስተን ተዛወረ። ኮሚቴ ቢባልም የዕለት ተዕለት ሥራውን የሚሠሩት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። እስካሁን ከ40,000 በላይ ስሞችን አጽድቀዋል። ከእነዚህ ውስጥ ፕሮቲን ለመሥራት መመሪያ የሚሰጡት ጂኖች ከ19,000 ትንሽ ቢበልጡ ነው።

እያንዳንዱ ጂን ረዘም ያለ ስምና አጭር መጠሪያ ይሰጠዋል። መጠሪያው ትላልቅ የላቲን ፊደላትንና ቁጥርን ብቻ ይይዛል፣ በፊደል ይጀምራል። እዚህ በግዕዝ የጻፍናቸው ለንባብ እንዲመቹ ብለን ነው። የግሪክ ፊደል አይፈቀድም። ሰው የሚያስቀይም ቃልም አይፈቀድም። የአይጥ ጂን ሲሆን ደግሞ የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ትልቅ ይሆናል። ስለዚህ ጽሑፉን ያየ ባለሙያ ስለ ሰው ይወራ ስለ አይጥ ወዲያው ይለያል።

አንዳንዱ መጠሪያ እንደ ሙሉ ስም ይነበባል። ሲዋይፒ2ዲ6ን እንውሰድ። ሲዋይፒ ሳይቶክሮም ፒ450 የተባሉት ኢንዛይሞች ናቸው። 2 ቤተሰቡ፣ ዲ ንዑስ ቤተሰቡ፣ 6 ደግሞ ልጁ ነው። ልክ እንደ እኛ ስም ከነአባት ከነአያት፣ ግን ከአያት ወደ ልጅ የሚነበብ። ይሄ ጂን ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። የማስታገሻ መድኃኒቱን ኮዴይንን ሰውነት ውስጥ ወደ ሞርፊን የሚቀይረው ኢንዛይም የሚሠራው በእሱ ነው። በ1996 በወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ጂን ተጨማሪ ቅጂ እንዳላቸው ታይቷል። ተጨማሪ ቅጂ ያለው ሰው ለሌላው የሚስማማው መጠን ሊበዛበት ይችላል።

ሁሉም ስም ግን እንዲህ ትርጉም የሚሰጥ አይደለም። ከካንሰር ጋር ስሙ ደጋግሞ የሚነሳውን ቲፒ53ን ተመልከቱ። 53 የመጣው ፕሮቲኑ መጀመሪያ ሲመዘን 53 ኪሎዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) ገደማ ስለመሰለ ነው። በኋላ ሲሰላ ወደ 44 ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩ ስህተት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ የሚነካው ግን የለም። ትክክልም ይመስለኛል። በሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች በዚህ ስም ተጽፈው ካለቁ በኋላ ማስተካከል አዲስ ግርግር መፍጠር ነው።

ከስህተቱ የባሰ ራስ ምታት የሆነው ቀልዱ ነው። የፍራፍሬ ዝንብ የሚያጠኑ ሰዎች ስም ሲያወጡ መሳቅ ይወዳሉ። አንዱ ጂን ሲበላሽ የዝንቡ እጭ እሾህ ያወጣ ስለመሰለ ጃርት ብለውት ነበር። በሌሎች እንስሳት ዘመዱ ሲገኝ ደግሞ ከቪዲዮ ጌሙ ገጸ ባሕርይ ወስደው ሶኒክ ጃርት አሉት። ቤተ ሙከራ ውስጥ ያስቃል። ጂኑ በሰው ላይ ሲበላሽ ግን የፅንሱ አንጎል በወጉ ለሁለት ሳይከፈል ሊቀር ይችላል። እስቲ ይህንን ስም ለወላጅ መንገር ያለበትን ሐኪም አስቡት። የአከርካሪ አጥንትን አፈጣጠር የሚነካው ሌላው ጂን ሉናቲክ ፍሪንጅ ይባል ነበር፤ ሉናቲክ ማለት ዕብድ ነው። ታማሚው ሙድ የተያዘበት ቢመስለው አይፈረድበትም። ቅሬታ ሲበዛ ኮሚቴው የዚህን ጂን ረጅም ስም ቀየረ። አጭሩን ኤልኤፍኤንጂን ግን እንዳለ ተወው። ሶኒክም እስካሁን አለ።

ከዚያ ኤክሴል የተባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም መጣ። ስልክ ቁጥር መዝግቦ የፊቱን ዜሮ የተበላበት ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሴፕት1 እና ማርች1 የሚባሉ ጂኖች ነበሩ። ተመራማሪው ሲጽፋቸው ፕሮግራሙ የእንግሊዝኛ ወር መስለውት ወደ ቀን ይቀይራቸዋል፣ ሴፕቴምበር 1 እና ማርች 1 ብሎ። በ2016 የወጣ ጥናት የጂን ዝርዝር በኤክሴል አያይዘው ከታተሙ ጽሑፎች አንድ አምስተኛ በሚሆኑት ላይ እንዲህ ያለ ስህተት አግኝቷል። ፕሮግራሙ ስላልተስተካከለ የተቀየሩት ጂኖቹ ሆኑ። ሴፕት1 ሴፕቲን1፣ ማርች1 ማርችኤፍ1 ተባሉ። ለውጡ በ2020 በወጣው አዲስ መመሪያ ላይ ሰፈረ።

ስም ሲቀየር የማይቀየር ነገርም አለ። ኮሚቴው ለእያንዳንዱ ጂን የመለያ ቁጥር ይሰጣል። ከጡት ካንሰር ጋር የተያያዘው ቢአርሲኤ1 ለምሳሌ ቁጥሩ 1100 ነው። ነገ ስሙ ቢለወጥ እንኳ በዚያው ቁጥር ይገኛል። ሰው ግን በቁጥር አያወራም፣ በስም እንጂ።

ማይክሮሶፍት ጽሑፍን ወደ ቀን መቀየሩን ማጥፋት የሚያስችል ምርጫ ኤክሴል ላይ የጨመረው በ2023 ነው። ሴፕት1 ያን ጊዜ ስሙን ከቀየረ ሦስት ዓመት ሆኖታል።