«የባሕር ሙሽራ ንጋት» ምንድን ነው?

«የባሕር ሙሽራ ንጋት» የሊቢያን መሪ ሙአመር ጋዳፊን ለመጣል በተደረገው ጦርነት ወቅት፣ ነሐሴ 14 ቀን 2003 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ በትሪፖሊ ለተቀሰቀሰው የከተማ አመፅ የተሰጠ የዘመቻ ስም ነው። «ዐሩስ አል-ባሕር»፣ ማለትም የባሕር ሙሽራ፣ በሜዲትራኒያን ዳር የተቀመጠችው የትሪፖሊ የቁልምጫ ስም ነው። ቃሉ በዐረብኛ ግማሽ ሰው ግማሽ ዓሣ ለሆነችው የተረት ፍጡርም ስለሚያገለግል የምዕራቡ ዓለም ጋዜጦች ዘመቻውን በእርሷ ስም ጠርተውታል፤ የተነሣችው ግን ከተማይቱ ናትና ሙሽራ ማለቱ ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ይህን አመፅ ከሌሎች የሚለየው ሦስት ኃይሎች በአንድ ሌሊት መገናኘታቸው ነው፤ ከውስጥ ነዋሪው፣ ከውጭ እየገሠገሠ የመጣው የአማፂ ጦር፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ የባዕድ አገር ልዩ ኃይል። እዚህ ላይ ልዩ ኃይል ሲባል በአገራችን ጆሮ የለመደው የክልል ታጣቂ እንዳይመስል አደራ እላለሁ። የምናወራው በትንሽ ቁጥር ሰርጎ ስለሚገባ፣ ስለሚያሠለጥን፣ የአየር ድብደባ ስለሚመራና መንግሥቱ በይፋ ስለማያወራለት ኮማንዶ ነው።

ለመጀመሪያው ኃይል አማርኛ ከማንም የተሻለ ቃል አለው፤ ውስጥ አርበኛ። በጣሊያን ወረራ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ከጠላት ጎን እየኖሩ ለዱር አርበኛው ወሬ፣ መድኃኒት፣ ገንዘብና ጥይት ያቀብሉ የነበሩትን፣ ለዚህም ተግባራቸው እስከ አዚናራ ደሴት እስር ቤት የተጋዙትን ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌን የመሰሉ ሰዎች የምንጠራበት ቃል ነው። ትሪፖሊን የከፈቷትም እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ከተማይቱ በየካቲት 2003 ዓ.ም. የአማፂዎቹ መናኸሪያ የሆነችው የምሥራቅ ሊቢያ ከተማ ቤንጋዚ ስትነሣ አብራ ተነሥታ ነበር። የፋሽሉምና የሱቅ አል-ጁምዓ ሠፈሮች ወጣቶች ባዶ እጃቸውን አደባባይ ወጡ፣ በጥይትም ተበተኑ። የዚያ ውድቀት ትምህርት ግልጽ ነበር፤ መሣሪያና ከውጭ የሚደርስ ጦር ሳይኖር፣ የመነሻውም ሰዓት ሳይቆረጥ ዋና ከተማ አትያዝም። ስለዚህ በየሠፈሩ እርስ በርሳቸው እንኳ በደንብ የማይተዋወቁ ትናንሽ ኅዋሶች ተደራጁ፤ መሣሪያም በባሕር ጭምር በድብቅ ይገባላቸው ጀመር። በምዕራቡ የነፉሳ ተራሮች ደግሞ በአብዛኛው የትሪፖሊ ተወላጆች የሆኑ ተዋጊዎች «የትሪፖሊ ብርጌድ» በሚል ስም በኳታር ልዩ ኃይል ሠለጠኑ። ፈረንሳይም በዚያው ተራራ ላሉት አማፂዎች መሣሪያ በፓራሹት መጣሏን በሰኔ ወር አመነች።

ይህ ሁሉ ሲሆን የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 1973፣ ሲቪሎችን ለመጠበቅ አስፈላጊው እርምጃ ሁሉ እንዲወሰድ ሲፈቅድ፣ ማናቸውም ዓይነት የውጭ ወራሪ ጦር የሊቢያን መሬት እንዳይዝ በግልጽ ከልክሎ ነበር። ጥቂት መቶ ኮማንዶ «ወራሪ ጦር» ይባላል ወይ? የዘመቻው ሕጋዊ ክርክር ያረፈው በዚህች ቃል ላይ ነው። በእኔ ግምት ውሳኔው በፊደሉ ቢጠበቅም በመንፈሱ ተጥሷል፤ ሲቪል መጠበቅና ዋና ከተማ ማስያዝ የተለያዩ ሥራዎች ናቸውና።

የተመረጠው ቀን ረመዳን 20 ነበር፤ ነቢዩ መሐመድ መካን ድል አድርገው የገቡበት መታሰቢያ። በእኛ ደግሞ ፍልሰታ ሊፈታ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበርና፣ እኔም ያን ምሽት ፒያሳ በአንድ ካፌ ውስጥ የጾም ማኪያቶዬን ይዤ ዜናውን ስከታተል የሚጾመውን የሁለቱን ከተማ ሕዝብ አስብ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ትሪፖሊ ውስጥ ምልክቱ የተሰጠው በማፍጠሪያ ሰዓት ነው። የአማፂዎቹ የሽግግር ምክር ቤት ሊቀመንበር ሙስጠፋ አብዱልጀሊል በቴሌቪዥን ንግግር አደረጉ፤ ወዲያው ከየመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ተክቢራ፣ «አላሁ አክበር» የሚለው ጥሪ፣ ተሰማ። ሰዓቱ በብልሃት የተመረጠ ነው፤ ሰው ሁሉ ቤቱ ነው፣ መንገዱ ጭር ብሏል፣ የመስጊድ ጥሪም ማንንም አያስጠረጥርም። ሱቅ አል-ጁምዓና በከተማይቱ ምሥራቅ ዳርቻ ያለችው ታጁራ በዚያ ሌሊት የአማፂ እጅ ገቡ፣ የኔቶ አውሮፕላኖችም ከተማይቱን ደበደቡ።

በማግሥቱ ከምስራታ በባሕር የመጡ ተዋጊዎች ታጁራ ላይ ወረዱ፤ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ከዛዊያ የተነሣውም ጦር የጋዳፊን 32ኛ ብርጌድ የጦር ሠፈር አልፎ ማታውን በከተማይቱ መሐል ያለው አረንጓዴ አደባባይ ደረሰ። ነሐሴ 17 ቀን የጋዳፊ ምሽግ ባብ አል-ዓዚዚያ ወደቀ።

ኮማንዶዎቹ የሠሩት ምንድን ነው? የኳታር ጦር ኤታማዦር ሹም በጥቅምት 2004 ዓ.ም. በየክልሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኳታራውያን እንደነበሩ፣ በአማፂዎቹና በኔቶ መካከልም አገናኝ ሆነው እንደሠሩ በአደባባይ ተናግረዋል። አገናኝ የምትለዋ ቃል ቁም ነገሩን ይዛለች። ከጣሪያ ላይ ታንክ ያየ የሠፈር ልጅ ለአውሮፕላን አብራሪ የሚነግርበት መንገድ የለውም፤ በመካከላቸው ሬዲዮና የጋራ የጦር ቋንቋ ያለው ሰው ያስፈልጋል።

እኛም ይህን ሥርዓት በግማሹ እናውቀዋለን። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ኮሎኔል ሳንድፎርድ የመሩት «ሚሽን 101» የተባለው የእንግሊዝ ቡድን ከሱዳን ተሻግሮ ጎጃም ገባና አርበኞቹን ከውጭው ጦር ጋር አገናኘ። አዲስ አበባ ግን ከውስጥ በተነሣ አመፅ አልተያዘችም፤ የእንግሊዝ ጦር ከደቡብ መጥቶ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ገባባት። አራት ኪሎ ያለው የድል ሐውልት የሚያስታውሰው ንጉሠ ነገሥቱ ከወር በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ መግባታቸውን ነው።

የትሪፖሊ ዘመቻ ከባዱ ነገር የመጣው ከድሉ በኋላ ነው። የከተማይቱ ወታደራዊ ምክር ቤት አዛዥ የሆኑት አብዱልሐኪም በልሐጅ በ1996 ዓ.ም. በእንግሊዝና በአሜሪካ የስለላ ድርጅቶች ትብብር ተይዘው ለጋዳፊ የተሰጡ ሰው ነበሩ፤ እንግሊዝ ይቅርታ የጠየቀቻቸው በ2010 ዓ.ም. ነው። የነፉሳ፣ የምስራታና የዛዊያ ታጣቂዎች ከተማይቱ ውስጥ የየራሳቸውን ሠፈር ይዘው ተቀመጡ፣ መሣሪያውን የሚሰበስብ ግን ጠፋ። ከዘመቻው ወራት ቀደም ብሎ የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት እዚሁ አዲስ አበባ ተቀምጦ መጋቢት 1 ቀን 2003 ዓ.ም. የአምስት መሪዎች ኮሚቴ አቋቁሞ የድርድር መንገድ ሲያቀርብ፣ ቤንጋዚ ጋዳፊ ካልወረዱ ብላ አልተቀበለችም ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በዚያ ባለቤት ባጣ መሣሪያ መካከል ያደገው አይሲስ ክርስቲያን ወንድሞቻችንን ሊቢያ ውስጥ ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። ከሟቾቹ የቂርቆስ ልጆች ይገኙባቸው ነበርና፣ በሠፈሩ ድንኳን ተተክሎ ሰው ለለቅሶ ከየአቅጣጫው ይጎርፍ ነበር።