አይረሴ ፎቶ ምንድን ነው?

ዓይናችሁን ጨፍኑና አንድ ነገር አስቡልኝ። ፀጉሩ የተንጨባረረ ሽማግሌ፣ ምላሱን አውጥቶ። አልበርት አንስታይን ድቅን ካለባችሁ ስለምን እንደማወራ ገብቷችኋል። ስሙን አልጠራሁም፤ ምስሉንም አላሳየሁም። አንድ መስመር በቃ።

አይረሴ ፎቶ የምለው እንዲህ ያለውን ነው። ባለሙያዎቹ «አይኮኒክ» ይሉታል። ብዙ ሰው የሚያውቀው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነግሮ የሚያልቅ፣ የአንድን ዘመን ወይም ጉዳይ ቦታ ተክቶ የሚቆም ምስል ማለት ነው። ጦርነት ሲባል፣ ስደት ሲባል፣ ጠፈር ሲባል ከሁሉ ቀድሞ ፊታችን ላይ የሚመጣው። ቆንጆ ፎቶ ሞልቷል። እንዲህ ያለው ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

ለምን ሲባል፣ የተለመደው መልስ «ፎቶ አንሺው በትክክለኛዋ ሰከንድ እዚያ ስለተገኘ» የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። እኔ ግን ትልቁ ሥራ የሚሠራው ፎቶው ከተነሳ በኋላ ነው ባይ ነኝ። ሲመረጥ፣ ሲከረከም፣ ሲደጋገም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከራሱ ከአንስታይን እንጀምር። ማርች 14 ቀን 1951 ፕሪንስተን ውስጥ 72ኛ ልደቱ ሲከበር አመሸ። ሊሄድ መኪና ውስጥ ገብቷል። ግራና ቀኙ የሚያውቃቸው ባልና ሚስት ተቀምጠዋል። ፎቶ አንሺዎቹ «እስቲ አንዴ ፈገግ» እያሉ ሲነዘንዙት ነው ያመሹት። አርተር ሳሲ የሚባለው ጠጋ ብሎ እንደገና ሲጠይቀው፣ አንስታይን ምላሱን አወጣበት። ሙሉው ፎቶ ላይ ሦስት ሰው አለ። ከግብዣ ወደ ቤታቸው የሚሄዱ፣ ትንሽ የደከማቸው ሦስት ሰዎች። አንስታይን ፎቶውን ወደደውና የራሱ ፊት ብቻ እንዲቀር አስከረከመው። ለወዳጆቹም ይልከው ጀመር። እኛ የምናውቀው ያንን ነው። ባልና ሚስቱ ከታሪክ ተባረሩ።

አእምሯችን ለምስል የተለየ ቦታ አለው። ሊዮኔል ስታንዲንግ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1973 ባሳተመው ጥናት ለሰዎች 10,000 ፎቶ አሳየ። ከዚያ ያዩትን ካላዩት ጋር ጎን ለጎን አድርጎ «የቱን አይታችኋል?» አላቸው። ከ10 ጊዜ 8 ያህሉን በትክክል መለሱ። በ2011 ደግሞ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ፊሊፕ ኢዞላና ባልደረቦቹ የትኛው ዓይነት ምስል በብዛት እንደሚታወስ ለኩ። ሰው ያለባቸው ፎቶዎች በለጡ። ሰው የሌለበት የተፈጥሮ ገጽታ ኋላ ቀረ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሰዎች «ይህ ውብ ነው» ያሉትና ኋላ ያስታወሱት አለመገጣጠሙ ነው። ውበት ለትዝታ ዋስትና አይሆንም። የጀምበር መጥለቂያ ፎቶ የሚያነሱ ወዳጆቼ ይቅር ይበሉኝ።

ስለዚህ ፊት ወይም የሰው ቁመና ያስፈልጋል። ቀጥሎ ቅርጽ። እኔ አንድ ቀላል መለኪያ አለኝ። ፎቶውን ሥዕል የማይችል ሰው በእርሳስ ቢሞነጫጭረው ይታወቃል? አይረሴ የሚባሉት አብዛኞቹ ያልፋሉ። ባንዲራ የሚተክሉ ወታደሮች። ከጨረቃ አድማስ በላይ ብቅ ያለች ሰማያዊ ኳስ። በታንኮች ፊት የቆመ አንድ ሰው።

እስቲ እዚህ ታንኩ ጋ ትንሽ እንቆይ። ቤጂንግ፣ ጁን 5 ቀን 1989፤ የቻይና ጦር የተቃውሞ ሰልፉን በኃይል በበተነ ማግስት። ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ የለበሰ፣ በሁለት እጁ ከረጢት ያንጠለጠለ ሰው መንገድ መሀል ገብቶ ታንኮቹን አቆማቸው። ብዙዎቻችን ይህን አንድ ፎቶ አንሺ ያነሳው ይመስለናል። ጄፍ ዋይድነር፣ ስቱዋርት ፍራንክሊን፣ ቻርሊ ኮልና አርተር ሳንግ ሁሉም ከቤጂንግ ሆቴል ሆነው አንስተውታል። ከሁሉ በላይ የተሠራጨው የዋይድነር ነው። ዋይድነር በወቅቱ ጉንፋን ይዞት ነበር። ከዚያ በፊትም በድንጋይ ጭንቅላቱን ተመትቷል። ፊልም አልቆበት ነበርና አንድ ተማሪ ከቱሪስት ለምኖ አንድ ጥቅል አመጣለት። እሱ ከለመደው ይልቅ ብርሃን በብዛት የሚፈልግ ፊልም ነበር። ካሜራውን እንደለመደው ሲጠቀምበት ፍጥነቱ በጣም ወረደ። በዚያ ረጅም ሌንስ ምስሉ ሊንቀጠቀጥ የሚገባው ነበር። ከተነሱት ውስጥ አንዱ ብቻ ለዓይን የሚሆን ወጣ። ፊልሙን ተማሪው የውስጥ ልብሱ ውስጥ ደብቆ አወጣው።

ታዲያ አምስተኛ ፎቶም አለ። ቴሪል ጆንስ የተባለ ጋዜጠኛ ያንኑ ትዕይንት መንገድ ላይ ቆሞ አንስቷል። ፎቶው ላይ ከፊት ሰዎች ጎንበስ ብለው ይሮጣሉ። ታንኮቹ ከሩቅ ይመጣሉ። ታንኮቹን የሚያቆመው ሰውዬ በግራ በኩል ከኋላ ቀድሞ ቦታውን ይዟል። ጆንስ ፎቶውን ለአደባባይ ያበቃው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2009 ነው። ለእኔ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ያስፈራል። የሚሸሹት ሰዎች ፊት ላይ አደጋው ይታያል። ሰውየው ሳያስብ በድንገት እንዳልገባ፣ ታንኮቹ ሳይደርሱ ቆሞ እንደጠበቃቸውም ይታያል። ሆኖም ይህን ፎቶ የሚያውቀው ስንት ሰው ነው? ዓይን የት እንደሚያርፍ አያውቅም። ሰውየውን መፈለግ አለባችሁ። ከሆቴሉ በረንዳ ግን ሁሉም ነገር ጥርት ያለ ነው። መንገዱ ባዶ፣ ታንኮቹ በሰልፍ፣ ሰውየው ብቻውን። አንድ ለብዙ። ማብራሪያ አይፈልግም።

የሰውየው ማንነት እስካሁን አልታወቀም። ፊቱም አይታይም። ይህ ፎቶውን የጎዳው ይመስላችሁ ይሆናል። እንዲያውም ጠቅሞታል። ስም ቢኖረው የአንድ ሰው ታሪክ ይሆን ነበር። ስለሌለው ማንም ራሱን እዚያ ቦታ ማቆም ይችላል።

መከርከምም የሚሠራው ይህንኑ ነው። የአብዮተኛውን የቼ ጉቬራን ፎቶ ውሰዱ። ማርች 5 ቀን 1960 ሃቫና ውስጥ፣ ላ ኩብር የተባለችው መርከብ ወደብ ላይ ፈንድታ ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ ይደረጋል። አልቤርቶ ኮርዳ ለጋዜጣ ያነሳል። ቼ ለጥቂት ሰከንድ መድረኩ ጫፍ ላይ ብቅ አለ። ኮርዳ ሁለት አነሳ፣ አንዱን በአግድም፣ አንዱን በቁም። የቁሙን ከቼ ትከሻ ጀርባ ብቅ ያለ የሌላ ሰው ጭንቅላት አበላሸው። በአግድሙ ላይ በአንድ ወገን የሌላ ሰው ፊት፣ በሌላው ወገን የዘንባባ ቅጠል አለ። ጋዜጣው የፊደል ካስትሮንና የእንግዶቹን ፎቶ አትሞ ይህን ተወው። የኮርዳ ዓይን ውስጥ ግን ገብቶ ነበር። ግራና ቀኙን ከርክሞ ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

ለዓመታት እዚያው ቆየ። በ1967 ፌልትሪኔሊ የተባለ ጣሊያናዊ አሳታሚ ኮፒ ወሰደ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ቼ ተገደለ። ፖስተሩ ወጣ። በ1968 አየርላንዳዊው ሠዓሊ ጂም ፊትዝፓትሪክ በቀይና በጥቁር ሠራው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ቲሸርቱ ይናገር።

አስቡት፤ ዘንባባው ቢኖር ኖሮ ቦታው ይታወቅ ነበር። ጎረቤቱ ቢኖር ኖሮ ስብሰባ መሆኑ ይታወቅ ነበር። ሁለቱ ሲወጡ ቀን የለም፣ ቦታ የለም፣ የቀረው ሩቅ የሚያይ ፊት ነው። እንዲህ ያለ ፊት የትም ይለጠፋል። የቮድካ ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር ተለጠፈ። ኮርዳ ከፎቶው ሳንቲም ጠይቆ የማያውቅ ሰው ነበር። ይህን ግን አልታገሠም። በ2000 ከሰሰ። 50,000 ዶላር ተከፍሎት ለኩባ ሕክምና ሰጠው።

አንዳንዱ ፎቶ ደግሞ እስኪዞር ድረስ አይታወቅም። ጠፈርተኛው ዊልያም አንደርስ ዲሴምበር 24 ቀን 1968 ከአፖሎ 8 መንኮራኩር ላይ ሆኖ ምድርን ሲያነሳ የጨረቃ ገጽ በቀኝ በኩል ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳ ሆኖ ነበር የታየው። እኛ አዞርነውና ምድር «ወጣች»። በ1972 ከአፖሎ 17 የተነሳው የሙሉ ምድር ፎቶም መጀመሪያ ደቡብ ዋልታው ከላይ ነበር። እሱም ተገለበጠ። ጠፈር ላይ ላይና ታች የለም፤ ዓይናችን ግን ይፈልጋል።

«ዕድል ነው» የሚሉትን ሙሉ በሙሉ አላጣጥልም። ሜይ 25 ቀን 1965 መሐመድ አሊ ሶኒ ሊስተንን በመጀመሪያው ዙር ጣለው። ለ«ስፖርትስ ኢለስትሬትድ» መጽሔት የሚያነሳው ኒል ላይፈር የ22 ዓመት ወጣት ነው። አሊ የተዘረረው ሊስተን ላይ ቆሞ ክንዱን አጥፎ ሲጮህበት፣ ልክ ከላይፈር ፊት ለፊት ሆነ። ከዚህ ሁሉ አይረሴ ፎቶ አንዱን ምረጥ ብባል ይህን ነው የምመርጠው። ምክንያቴ ደግሞ አሊ ራሱ አይደለም። በእግሮቹ መሀል ከጀርባ በኩል አንድ ራሰ በራ ሰው ይታያል። ኸርብ ሻርፍማን ነው፣ የዚያው መጽሔት ፎቶ አንሺ። ካሜራውን ይዟል፣ ሙያውን ያውቃል፣ ሰዓቱን አላሳለፈም። የታየው ግን የአሊ ጀርባ ብቻ ነው። የተሳሳተው ወገን ደረሰው፤ በቃ። የላይፈርም ፎቶ ቢሆን ያን ሰሞን የመጽሔቱ ሽፋን አልሆነም። ዋጋው የታወቀው እየቆየ ነው።

ወሬም ፎቶን ያሳድጋል፣ ያሳንሳልም። ጆ ሮዘንታል ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1945 በጃፓኗ ደሴት ኢዎ ጂማ ላይ ባንዲራ የሚተክሉትን የአሜሪካ ወታደሮች ሲያነሳ በካሜራው አላየም፤ ዝም ብሎ ተጫነው። ፊልሙ ወደ ጉዋም ተልኮ ነው የታጠበው። በኋላ «አስመስለህ ነው ያነሳኸው?» ሲሉት አዎ አለ። እሱ የመሰለው በዚያው ቀን ወታደሮቹን ሰብስቦ ያነሳውን የቡድን ፎቶ ነበር። በዚያች አንድ መልስ ምክንያት ዕድሜ ልኩን ሲያስረዳ ኖረ።

አሁን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር። ፎቶው ውስጥ ያለው ሰውስ?

ዶሮቲያ ላንግ በማርች 1936 ካሊፎርኒያ ኒፖሞ ውስጥ፣ አተር ለቀማ መጥተው ውርጭ ሰብሉን ያጠፋባቸው ሠራተኞች ወደሰፈሩበት ገባች። ያነሳቻት እናት 32 ዓመቷ ነበር። ላንግ ከሩቅ ጀምራ ቀስ በቀስ እየተጠጋች ጥቂት ፎቶ አነሳች። በመጀመሪያዎቹ ላይ ድንኳኑ፣ ዕቃው፣ ትልቋ ልጅ ሁሉ አሉ። በመጨረሻው ላይ ሁለት ልጆች ፊታቸውን አዙረው ትከሻዋ ላይ ተደግፈዋል፣ ሕፃኑ እቅፏ ውስጥ ነው፣ እጇ አገጯ ላይ። የሚታየው የእሷ ፊት ብቻ ነው። ከታች በቀኝ ጥግ ላይ የድንኳኑን ምሰሶ የያዘ አውራ ጣት ገብቶ ነበር። በ1939 ላንግ አስጠፋችው። አሁንም ልብ ብላችሁ ካያችሁ ጥላው አለ።

ስሟን ግን አልጠየቀቻትም። ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምፕሰን እንደምትባል የታወቀው በ1978 ነው። ከፎቶው ምንም እንዳላገኘች፣ ባትነሳ ይሻላት እንደነበር ተናግራለች። አፍጋኒስታናዊቷ ሻርባት ጉላም በ1984 ፓኪስታን ውስጥ በስደተኞች መጠለያ ስትነሳ ልጅ ነበረች። አረንጓዴ ዓይኗን ዓለም ሲያውቅ እሷ ፎቶውን ያየችው በ2002 ተፈልጋ ከተገኘች በኋላ ነው። ፊታቸው የሁሉም ሆነ። ኑሯቸው ግን የብቻቸው ነበር።

ፎቶ አንሺውም ቢሆን ከፎቶው ሊነጠል ይችላል። ጁን 8 ቀን 1972 ቬትናም ውስጥ በናፓልም (በሚያቃጥል ቦምብ) ተቃጥላ እየሮጠች የምትጮኸው የ9 ዓመቷ ኪም ፉክ ፎቶ ለ50 ዓመት በኒክ ኡት ስም ይታወቃል። በ2025 «ያነሳው ሌላ ሰው ነው» የሚል ክርክር ተነሳ። የዜና ፎቶ ሽልማት የሚሰጠው ወርልድ ፕሬስ ፎቶ የኡትን ስም ከፎቶው ላይ ለጊዜው አወረደ። የዜና ወኪሉ አሶሼትድ ፕሬስ ደግሞ ለመቀየር የሚያበቃ ማስረጃ የለም ብሎ ስሙን አቆየ። ፎቶው ራሱ ግን ከዚህ ክርክር አንዲት ነገር አልጎደለበትም።

ዛሬ ሁሉም ሰው ካሜራ ኪሱ ውስጥ ይዞ እየዞረ፣ አይረሴ ፎቶ መወለዱ ቀጥሏል ወይ? ጁላይ 29 ቀን 2024 በፓሪሱ ኦሊምፒክ የሰርፊንግ (በሰሌዳ ማዕበል ላይ የመንሸራተት) ውድድር፣ በፈረንሳይ ሥር ባለችው ታሂቲ ደሴት ላይ፣ ጄሮም ብሩዬ ብራዚላዊውን ጋብሪኤል ሜዲናን አነሳው። ሰውየው ከማዕበሉ በላይ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጣቱ ወደ ሰማይ ነው። ሰሌዳውም ከጎኑ እንደሱ ቀጥ ብሎ ተንሳፍፏል። በሰዓታት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። የእርሳሱን መለኪያ ያለ ችግር ያልፋል። መደጋገሙም ኮርዳ ዓመታት የጠበቀውን በአንድ ቀን አገኘ። እንደኔ የሚጎድለው ጥያቄ ነው። የታንኩን ሰውዬ ካያችሁ በኋላ «ማን ነው? ምን ሆነ?» ትላላችሁ። ሜዲናን ስታዩ «ጉድ!» ትሉና ታልፋላችሁ። በ30 ዓመት ውስጥ ልጆቻችን ያውቁታል ብዬ አልወራረድም።