ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፦ ግን ጅብ ምን ያስቸኩለዋል?

ይሄን አባባል ያወጣው ሰው ጅብን በደንብ ያየ ነው። አጥንት ይነክሳል ቢል ኖሮ አባባሉ አይሰራም ነበር፣ ጅብ አጥንት አድቅቆ ይውጣል፣ ጨጓራው ውስጥ ያለው አሲድ ያሟሟዋል፣ አሩ ደርቆ ነጭ የሚሆነውም በአጥንቱ ውስጥ በነበረው ካልሲየም ነው። ፀጉር፣ ሰኮናና የቀንድ ሽፋን ግን ጥፍራችን ከተሰራበት ጠንካራ ፕሮቲን፣ ከኬራቲን ስለተሰሩ አይፈጩለትም፣ ፀጉሩን ጠቅልሎ መልሶ ያስታውከዋል። ቀንድ የነከሰ ጅብ ስጋው እያለ ባዶ አፉን ቀረ ማለት ነው፣ ለሚጣደፍ ሰው የሚነገረውም ለዚህ ነው።

እኔን ግን የሚገርመኝ ችኮላው ነው። ጅብ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይበላም፣ ታንዛኒያ ንጎሮንጎሮ ላይ አንድ መንጋ እስከ 80 ይደርሳል፣ የበላዮቹ ሴቶች ናቸው፣ ልጅም ደረጃዋን ከእናቷ ትወርሳለች። ኬይ ሆሌካምፕ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ኬንያ ማሳይ ማራ ላይ ይሄንኑ ስትከታተል ኖራለች። ዝቅ ያለችዋ ጅብ የበላዮቿ ሳይደርሱ ካልዋጠች ትባረራለች፣ እና አንዷ ባንዴ ወደ 15 ኪሎ ስጋ መዋጥ መቻሏ ከዚህ ሽሚያ ጋር ይሄዳል።

ታዲያ ለብቻዋ ብትኖር አይሻልም? የኛን የሊሙን ጥርኝ እዩ፣ በዘር ከውሻ ይልቅ ለጅብ የምትቀርበው እሷ ናት፣ ኑሮዋ ግን ለብቻ ነው። ምግቧ የቡና ፍሬ፣ ነፍሳት፣ አይጥ፣ እዚህም እዛም የተበታተነ ትንንሽ ነገር ስለሆነ ሌላ ጥርኝ ቢጨመር ድርሻዋ ይቀንሳል እንጂ ምንም አታተርፍም። ጅብ ግን ትልቅ እንስሳ ጥላ፣ የጣለችውን ከአንበሳ አስጥላ፣ ግዛቷንም ከጎረቤት መንጋ ጠብቃ ነው የምትኖረው፣ ይሄ ሁሉ ደግሞ ያለ ጓደኛ ይከብዳል። ጠብ ሲነሳ አብረዋት የሚቆሙትም እናቷና እህቶቿ ናቸው፣ ዘመድ ሲጠግብ የሷም ዘር አብሮ ይተርፋል። ሽሚያው የአብሮ መኖር ዋጋ ነው።

ጅማ ውስጥ አባባሉ በደንብ የሚገባኝ ጥቅምት ላይ ነው፣ ቀይ የቡና እሸቱን ከአረንጓዴው ሳይለይ ቅርንጫፉን ሙልጭ አርጎ የሚያወርደውን ገበሬ «ተው ልጄ፣ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ይሉታል። ጥራቱ እንደሚወርድ፣ ዋጋም እንደሚያጣ እሱም ያውቃል እኮ፣ ግን ሌባ ቀድሞት እንዳይለቅምበት ነው የሚፈራው፣ ስለዚህ ማሳውን ከጎረቤቶቹ ጋር ተራ ገብቶ ማስጠበቅ ከተቻለ ያኔ ቡናው ቀልቶ ይለቀማል።