ኤሌክትሪክ ምጣድም ይሟሻል

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ቁጭ ብለን አሳ እየበላን አንድ ወዳጄ «ቴክኖሎጂ በበሩ ሲገባ ባህል በመስኮት ይወጣል» አለኝ። አሳው አልቆ አጥንቱ እስኪቀር ተከራከርን። ያነሳቸውን ነገሮች ከሌላም ሰው ስለምሰማቸው እዚህ ላንሳቸው።

«ኤሌክትሪክ ምጣድ ገባ፣ የድሮው ቀረ።» እስቲ ምጣዱን ገልብጣችሁ እዩት። ሸክላ ነው! ከሥሩ በተቆፈረው ቦይ ሬዚስታንሱ ተዘርግቷል። የተቀየረው እሳቱ ብቻ ነው። የማይጣበቅ የብረት ምጣድም ገበያ ላይ አለ፤ ግን ብዙ ጋጋሪዎች እንጀራው ዓይን እንዲያወጣላቸው ሸክላውን አይለቁም። አዲስ ሲገዛም እንደ ጥንቱ በጎመን ዘር ይሟሻል። በኤሌክትሪክ መጋገር ግን ርካሽ አይደለም። አንዱ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ባለ 10 ዋት አምፖል 350 እንደ ማብራት ማለት ነው። ስለዚህ የሦስት አራት ቀኑ በአንዴ ይጋገራል። ለነገሩ ሊጡም ቀናት ስለሚቦካ ድሮም እንደዚያው ነበር።

«ሚስኮል የሚያደርግ ሰው ቋጣሪ ነው።» ይሄኛው ያናድደኛል። ሚስኮል ቋንቋ ነው። እኔና እህቴ ጋ አንዴ ከጮኸ «ደርሻለሁ»፣ ሁለቴ ከጮኸ «ውጪ ቆሜያለሁ» ነው። ጆናታን ዶነር የተባለ ተመራማሪ ይህንኑ ሩዋንዳ ውስጥ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትሟል። ሚስኮል ያልተጻፈ ሕግ አለው ይላል፦ ገንዘብ ያለው መልሶ ይደውላል፤ የሚወዳትን ልጅ የሚያባብል ወንድ ደግሞ ሚስኮል ቢያደርግ ያስተዛዝባል። እኛም ጋ ያው ነው። ተማሪ ልጅ አባቱን ሚስኮል ቢያደርግ ማንም አይታዘበውም። አባት ልጁን ቢያደርግ ግን… ይቅር፣ አባዬ ያነበዋል።

«ቴሌብር መጣ፣ ዕቁብ አለቀለት።» ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው። የኛ ዕቁብ ዛሬም አለ፤ መዋጮው በስልክ ይገባል። ዕጣው ግን አሁንም በብጣሽ ወረቀት፣ ሁሉም እያየ ይወጣል። የዕቁቡ ዳኛ «በአፕ እናውጣው» ሲሉ አንዲት እናት «ስልኩ ውስጥ ማን እንዳለ በምን አውቃለሁ?» አሉ። በዚያው ተዘጋ።

«ካላንደር ስልኬ ላይ አለ፣ በዓል አያመልጠኝም።» ሐዋሳ ላይ ይሄ አይሠራም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ቀኑ የሚቆረጠው በካላንደር አታሚ አይደለም። አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው ነው የሚያውቁት። ዩኔስኮም በ2008 ዓ.ም. በዓሉን በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ስልካችን ምንም ዘመናዊ ቢሆን እስኪነገረው ይጠብቃል። ከተነገረ በኋላ ግን የሚቀድመው የለም። ያ የአሳው ወዳጄ እንኳ ባለፈው ከሁሉም ቀድሞ «አይዴ ጨምበላላ!» ያለኝ በቴሌግራም ነው።