ስለ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 የሚወራውና እውነታው

ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘው፣ የሸራ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፈው ማዝዳ ኤምኤክስ-5 በየካቲት 1989 ቺካጎ ላይ ለሕዝብ ታየች (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አሜሪካኖች ሚያታ ይሏታል። ከ1 ሚሊዮን በላይ ተመርታለችና ወሬዋም የዚያኑ ያህል ብዙ ነው። መኪና ወዳዶች ሲገናኙ ከሚሉት ጥቂቱን ልልቀም።

«ከጥንስሷ የጃፓኖች ሐሳብ ናት»

ሐሳቡን ያነሳው ቦብ ሆል የሚባል አሜሪካዊ የመኪና ጋዜጠኛ ነው። በ1979 የማዝዳ የምርምር ኃላፊ የነበረው ኬንኢቺ ያማሞቶ ቀጥሎ ምን መኪና ብንሠራ ይሻላል ብሎ ሲጠይቀው፣ ሆል ጠመኔ አንስቶ የድሮ እንግሊዞችን ዓይነት ቀላልና ጣሪያ አልባ መኪና ሰሌዳው ላይ ሣለለት። ከሁለት ዓመት በኋላ ራሱ ካሊፎርኒያ ውስጥ የማዝዳ ሠራተኛ ሆነ። ኩባንያው የቶኪዮና የካሊፎርኒያ ቡድኖቹን አወዳደረ፤ ቶኪዮዎቹ አንድ በፊት ጎማ የሚጎተት፣ አንድ ደግሞ ሞተሩ መሀል ላይ ያለ ንድፍ ይዘው መጡ። በ1984 ያሸነፈው ግን የካሊፎርኒያው ነው፦ ሞተር ከፊት፣ ጉልበቱ በኋላ ጎማ። የመጀመሪያዋ የምትነዳ ናሙና የተሠራችው እንግሊዝ አገር፣ ወርዚንግ ከተማ ነው። ለምርት ያበቋት ደግሞ በቶሺሂኮ ሂራይ የሚመሩት የማዝዳ መሐንዲሶች ናቸው።

«የሎተስ ኢላን ግልባጭ ናት»

ኢላን ሎተስ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1960ዎቹ ያወጣው ትንሽ ጣሪያ አልባ መኪና ነው። መልኳ መመሳሰሉ አይካድም፤ የ1960ዎቹን የእንግሊዝ መኪኖች ማጥናታቸውንም አልደበቁም። ከሥር ግን ሌላ ናት። የኢላን አካል ፋይበርግላስ ሆኖ በመሀል የሚያልፍ የብረት ሻንሲ ላይ ያረፈ ነው፤ የዚችኛዋ አካል ራሱ ሸክሙን የሚችል ላሜራ ነው። ካምቢዮዋንና የኋላ ዲፈረንሻሏን አንድ ረጅም የአሉሚኒየም አግዳሚ ያያይዛቸዋል፤ ነዳጅ ሲረገጥ ሁለቱ ወዲያ ወዲህ አይሉም፣ እግር ያዘዘው ሳይዘገይ ጎማ ላይ ይደርሳል። የሚያስቀው፣ ሎተስ በዚያው 1989 ያወጣው አዲሱ ኢላን በፊት ጎማ የሚጎተት፣ ሞተሩም የአይሱዙ ነበር። አዎ፣ የጭነት መኪናው አይሱዙ።

«ሞተሯ ሮተሪ ነው»

አይደለም፤ ሮተሪው (በፒስተን ፋንታ ውስጡ የሚሽከረከር ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ያለው ሞተር) የሌላዋ የማዝዳ ስፖርት መኪና፣ የአርኤክስ-7 ነው። ያማሞቶ የማዝዳን ሮተሪ ለፍሬ ያበቃ መሐንዲስ ስለሆነ ግምቱ ከባዶ ሜዳ አልመጣም። ለዚችኛዋ የተሰጣት ግን ከቤት መኪናው ማዝዳ 323 የመጣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 1.6 ሊትር ሞተር ነው። 323 ውስጥ በአግድም ይቀመጥ የነበረው እዚህ በቁመት ተቀመጠ።

«116 የፈረስ ጉልበት ይዞ ስፖርት መኪና!»

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ብዙ መኪና ይቀድማታል፣ እሺ። ሂራይ ግን ሲለፋ የኖረው ኪሎ ሲቀንስ ነው፤ የመጀመሪያዋ ሞዴል 1,000 ኪሎ አትሞላም። ኮፈኗ አሉሚኒየም ነው። ባትሪውን ከሞተሩ አጠገብ አንስተው የኋላ ሻንጣው ውስጥ ከተቱት፤ ሁለት ሰው ሲቀመጥባት ክብደቷ ከፊትና ከኋላ ለሁለት እኩል ሊካፈል ምንም አይቀረው። ጃፓኖቹ የሚፈልጉትን ስሜት «ጂንባ ኢታይ» ብለው ጠሩት፤ ፈረሱና ፈረሰኛው አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ መሪውን ጨብጦ ማርሽ የቀያየረባት ሰው ስለ ፈረስ ጉልበት ቁጥር ብዙም ሲያወራ አይሰማም።

«ብቅ የሚሉት የፊት መብራቶች በሕግ ስለታገዱ ቀሩ»

የመጀመሪያዋ ሞዴል መብራቶች ሲበሩ ከኮፈኑ ብቅ ይሉ ነበር፤ እነሱን ያገደ ሕግ ግን አልነበረም። ሁለተኛዋ ትውልድ በ1998 ቋሚ መብራት ይዛ ስትመጣ ማንሻ ሞተሮቹና ክብደታቸው አብረው ተወገዱ። ለእግረኛ ደኅንነት ሲባል እየጠበቁ የሄዱት ደንቦች ለእንዲህ ያለው መብራት አልተመቹም፣ ይህ እውነት ነው።

«በየትውልዱ እየወፈረች ሄደች»

ሦስተኛዋ ላይ ልክ ነበር። የ2015ቷ አራተኛ ትውልድ ግን ከእሷ 100 ኪሎ ያህል ቀለለች።

«አሁን የምትሠራው በፊያት ነው»

የተገላቢጦሽ ነው። በአራተኛዋ ኤምኤክስ-5 ላይ የተመሠረተውን ፊያት 124 ስፓይደር ሂሮሺማ፣ ጃፓን ውስጥ ለፊያት የሠራለት ማዝዳ ነው፤ ፊያት የራሱን 1.4 ሊትር ተርቦ ሞተርና የራሱን መልክ ጨመረ። እንዲያውም ሁለቱ ኩባንያዎች በ2012 ሲስማሙ የታሰበው መኪና የፊያት ቡድን ሌላ ስም የሆነው አልፋ ሮሜዮ ነበር።